ታህት የሌለው ቁጥር፦ የኮቪድ-19 ዕለታዊ አኃዝ በዜና ማሰራጫዎች እና የዋግ ኽምራ ባዶ ሥፍራ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ-19 ታማሚ ይፋ አደረገ። ታማሚው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መግለጫው የእያንዳንዱን ታማሚ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ዜግነትና የጉዞ ታሪክ ይዘረዝር ነበር። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዝርዝሩ ቀረና ቦታውን አንድ የማይለወጥ ዐረፍተ ነገር ያዘው፦ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ በተደረገ ይህን ያህል የላቦራቶሪ ምርመራ ይህን ያህል ሰዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ሁለት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ይህ ዐረፍተ ነገር በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በጋዜጣና በማኅበራዊ ገጾች በየዕለቱ ተደጋገመ። በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ ሕዝቡ ወረርሽኙን በአብዛኛው ያወቀው በዚሁ ዐረፍተ ነገር በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ጽሑፍ የዜና ማሰራጫዎች ያንን ዕለታዊ አኃዝ ለአድማጭ ሲያደርሱ ምን እንደቀነሱና ምን እንደጨመሩ ለማብራራት ይሞክራል። የመስክ ጥናት ውጤት አይደለም። በይፋ የወጡ አኃዞችን ከአዘጋገባቸው ጋር አጣምሮ የሚያነብ አጭር ማብራሪያ ነው። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በማሳያነት የተመረጠበት ምክንያት፣ የብሔራዊ ቁጥር ደካማ ጎን በግልጽ የሚታየው ቁጥሩ ከሚሰበሰብበት ማዕከል ርቆ በሚገኝ አካባቢ ላይ በመሆኑ ነው።

ሁለት ቁጥር የነበረው ዐረፍተ ነገር

የሚኒስቴሩ መግለጫ የተቀረጸበት መንገድ በስታቲስቲክስ ዓይን ሲታይ በጎ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ቁጥሮችን ይዟል፤ የተመረመሩትን እና ቫይረሱ የተገኘባቸውን። በትምህርት ቤት ሒሳብ ቋንቋ የመጀመሪያው ታህት፣ ሁለተኛው ላዕል ነው። ላዕል ብቻውን መጠንን ይናገራል፤ ምጣኔ የሚገኘው ግን ከታህቱ ጋር ሲነበብ ነው። በአንድ ቀን 1,000 ሰዎች ተመርምረው 50 ቢገኙ፣ በማግሥቱ ደግሞ 100 ብቻ ተመርምረው 20 ቢገኙ፣ ላዕሉን ብቻ የሰማ አድማጭ በሽታው ከግማሽ በላይ ቀነሰ ይላል። ሁለቱንም የሰማ ግን የተያዙት ሰዎች ምጣኔ ከ5 በመቶ ወደ 20 በመቶ መውጣቱን ያያል።

ቁጥሩ ከመግለጫ ወደ ዜና ርዕስ ሲሸጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ታህቱ ነው። ርዕስ አጭር መሆን አለበት፤ የሬዲዮ አንባቢ ሁለት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ሲያነብ አድማጩ አንዱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ «ተጨማሪ ይህን ያህል ሰዎች ተያዙ» የሚለው ርዕስ ሆነ፤ የምርመራው ብዛት ወደ ሦስተኛው አንቀጽ ወረደ፣ አልያም ጨርሶ ቀረ። «ተያዙ» የሚለው ግስ ራሱ ሌላ ችግር አለበት። በዚያ ቀን የተረጋገጠው ሰዎቹ መያዛቸው እንጂ በዚያ ቀን መያዛቸው አይደለም። ናሙናው ከቀናት በፊት ተወስዶ፣ ከሩቅ ወረዳ ተጓጉዞ፣ ተራ ጠብቆ የተመረመረ ሊሆን ይችላል። ዜናው ግን የላቦራቶሪውን ቀን የበሽታው ቀን አድርጎ ያቀርበዋል።

ጥፋቱን ሁሉ በጋዜጠኛው ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። ሠንጠረዡ ተዘጋጅቶ የሚደርሰው የዜና ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ ከሠንጠረዡ ጀርባ ያለውን የናሙና አወሳሰድ የሚያብራራ ሰነድም በየዕለቱ አብሮት አይመጣም ነበር። ያም ሆኖ የዜና ክፍሉ በእጁ የነበረውን ታህት መጣሉ አይካድም፤ ይህን ለመከላከል የሚቀርብ በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ነሐሴ 2012 እና መጋቢት 2013

ይህ ክፍተት ምን ያህል ትርጉም እንደሚያዛባ ሁለት ወራትን በማነጻጸር ማየት ይቻላል።

በነሐሴ 2012 ዓ.ም. መንግሥት ማኅበረሰብ አቀፍ የንቅናቄና የምርመራ ዘመቻ አካሄደ። የምርመራው ቁጥር በስፋት ጨመረ፤ አብሮትም የተገኙት ሰዎች ቁጥር ዘለለ። በሐምሌ ማብቂያ አካባቢ 17 ሺሕ ገደማ የነበረው ጠቅላላ ድምር በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ 52 ሺሕ ገደማ ደረሰ። በአንድ ወር ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የዕለቱ ቁጥር ከ1,500 ያለፈባቸው ቀናትም ነበሩ። ለተራው አድማጭ ነሐሴ የወረርሽኙ ፍንዳታ ወር ሆኖ ተሰማ። ከተመረመሩት ውስጥ ቫይረሱ የተገኘባቸው ግን ከአሥሩ አንድ አይሞሉም ነበር።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የዕለቱ ቁጥር ከ2,000 አለፈ። ላዕሎቹን ብቻ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የሁለቱ ወቅቶች ልዩነት የሚያስደነግጥ አይመስልም። ታህቱ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚህኛው ወቅት ከተመረመሩት አራት ወይም አምስት ሰዎች አንዱ ቫይረሱ ይገኝበት ነበር። ምርመራው አነስ ብሎ ሳለ የተገኙት በዝተዋል፤ ይህም ሳይታወቁ የቀሩት ሰዎች ቁጥር ከነሐሴው እጅግ የላቀ እንደነበር ያመለክታል። በነሐሴ ወደ ላይ የወጣው በአብዛኛው የቆጠራው አቅም ነበር። በመጋቢት የወጣው ራሱ በሽታው ነው። የጽኑ ሕክምና ክፍሎችና የኦክስጅን አቅርቦት የተጨናነቁትም በዚህ በሁለተኛው ወቅት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና ጥያቄ ይነሳል። በነሐሴ ድንጋጤውን ጨርሶ፣ ከዚያም በአካባቢው የከፋ ነገር ሳያይ የከረመ አድማጭ፣ በመጋቢት ተመሳሳይ የሚመስል ቁጥር ሲሰማ ለምን ይደነግጣል? መዘናጋት የሚለው ቃል በወቅቱ በባለሥልጣናት አንደበትም በዜናም ተደጋግሞ ሲነገር ነበር፤ ወቀሳውም ለሕዝቡ ነበር። ሕዝቡ ግን የተነገረውን ቁጥር በተነገረው መንገድ አንብቧል። ሁለቱን ወቅቶች እንዲለይ የሚያደርገው መረጃ በመግለጫው ውስጥ ነበረ፤ በርዕሱ ላይ አልነበረም።

በደም ውስጥ የተገኘው ቁጥር

ታህቱ ቢነገር እንኳ የሚቀር ጉዳይ አለ። ምርመራ የሚደረግለት ሰው ከሕዝቡ በዕጣ የተመረጠ አይደለም። ምልክት የታየበት፣ ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው፣ ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ፣ ወይም ሆስፒታል የተኛ ነው። ስለዚህ ምጣኔው የተመርማሪዎቹን እንጂ የሕዝቡን ሁኔታ በቀጥታ አይናገርም።

ልዩነቱን ለመገመት የሚያግዝ ጥናት በአገራችን ተሠርቷል። በጅማ እና በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች ሠራተኞችና በአካባቢዎቹ ነዋሪዎች ላይ የተካሄደ የፀረ እንግዳ አካላት ክትትል በ2021 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ታትሟል። በአዲስ አበባው ሆስፒታል በነሐሴ 2012 ከሠራተኞቹ 11 በመቶ ገደማ በደማቸው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኝቶባቸው ነበር፤ በየካቲት 2013 ይህ ከግማሽ በላይ ሆነ። የጅማውም በዚያው ወር ከግማሽ አልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ድምር 160 ሺሕ ገደማ ነበር፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲካፈል ከ1,000 ሰው ሁለት የማይሞላ ማለት ነው። የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑ ግልጽ ነውና ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ሆኖም የልዩነቱ ስፋት በተጋላጭነት ብቻ የሚብራራ አይደለም። ዕለታዊው አኃዝ ከወረርሽኙ የሚያሳየው ጥቂቱን ክፍል ብቻ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሞት ላይም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። በይፋ የተመዘገበው የኮቪድ-19 ሟች ቁጥር 7,574 ሲሆን፣ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ድምር ከ500 ሺሕ በላይ ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 1.5 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ «በሽታው ከመቶ አንድ ተኩል ይገድላል» የሚል አባባልም ከዚህ ዓይነት ስሌት ይወለዳል። ነገር ግን እዚህ ላዕሉም ታህቱም ጎዶሎ ናቸው፤ የጉድለታቸው መጠንም እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት መግለጫዎች ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ቫይረሱ የተገኘባቸው በአስከሬን ላይ በተደረገ ምርመራ መሆኑ ይገለጽ ነበር። በቤቱ ሞቶ በማግሥቱ በደብሩ የተቀበረ የገጠር ሰው በየትኛው መዝገብ ይገኛል?

ትንበያ እንደ ዜና

ከዕለታዊው ቁጥር ሌላ በ2012 ዓ.ም. ጸደይ የዜና ማሰራጫዎችን የሞላው የትንበያ አኃዝ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት፣ በአፍሪካ ከ300 ሺሕ እስከ 3.3 ሚሊዮን ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ገለጸ። ስሌቱ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሞዴል ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ዝቅተኛው ጥብቅ እርምጃ ሲወሰድ፣ ከፍተኛው ደግሞ ምንም እርምጃ ሳይወሰድ ሊደርስ ይችላል የተባለው ነው።

በሁለቱ ጫፎች መካከል የአሥራ አንድ እጥፍ ልዩነት አለ። አንዳንዱ ማሰራጫ ዝቅተኛውን፣ ሌላው ከፍተኛውን ርዕስ አደረገ፤ የሁለቱም ዜና ምንጭ አንድ ሰነድ ነው፤ ሁለቱም አልዋሹም። የጎደለው «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ሁኔታ ነው። ያለ ሁኔታው ትንበያ ወደ ትንቢት ይለወጣል። ትንቢት ደግሞ ሳይፈጸም ሲቀር ተናጋሪውን ያዋርዳል፤ ከወራት በኋላ የአፍሪካ ሞት የተባለውን ያህል ሳይሆን ሲቀር የብዙዎች ጥርጣሬ የዞረው በሞዴሉ ግምቶች ላይ ሳይሆን በበሽታው መኖር ላይ ነበር።

ዜሮ እና ባዶ

ዋግ ኽምራ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የሚጀምረው ከሕዝብ ብዛት ነው፤ እሱም ከባድ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የብሔረሰብ አስተዳደሩ ነዋሪ 426,213 ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሊደረግ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ቆጠራው አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ለወረዳ የሚደለደለው የክትባትም ሆነ የመመርመሪያ መጠን የሚሰላው ከዚያ ቆጠራ ተነሥቶ በተሠራ ትንበያ ላይ ነው። የምጣኔው ታህት ራሱ ግምት ነው ማለት ነው።

ከዚያ የጂኦግራፊው ጉዳይ ይከተላል። ከሰቆጣ ደጋ እስከ አበርገሌ ቆላና እስከ ተከዜ ሸለቆ በተዘረጋው በዚህ አካባቢ፣ ከጤና ኬላ የሚወሰድ ናሙና በወቅቱ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ መጓጓዝ ነበረበት፤ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ከሰቆጣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃሉ። ጥቂት ናሙና የሚልክ አካባቢ ጥቂት ታማሚ ይመዘገብለታል። ጥቂት ታማሚ የተመዘገበለት አካባቢ ደግሞ በቀጣዩ ድልድል ጥቂት መመርመሪያ ይደርሰዋል። እዚህ ላይ ዜናው ከተመልካችነት አልፎ የድልድሉ አካል ይሆናል። የዕለቱ ዘገባ ክልሎችን በተገኘባቸው ታማሚ ብዛት ደርድሮ ሲያቀርብና ከየክልሉ ስንት ሰው እንደተመረመረ ሳይናገር ሲቀር፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ክልል «የተረፈ» ይመስላል። ወደ ዞን ደረጃ ሲወረድ ደግሞ ስሙም አይነሳም፤ በብሔራዊ ዜና ዋግ ኽምራ «ከአማራ ክልል» በሚለው ውስጥ ተጠቃልሎ የሚያልፍ ነበር።

ጦርነቱ ይህን ችግር ወደ ጫፍ አደረሰው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ወደ ዋግ ኽምራ ዘልቆ ሰቆጣ በሕወሓት ኃይሎች ሥር ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቆየች። የአበርገሌና የፃግብጂ ወረዳዎች ሁኔታ ከዚያም በኋላ አልተፈታም ነበር፤ ከእነዚህ ወረዳዎች የተፈናቀሉ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰቆጣና በዙሪያዋ በመጠለያ ተጨናንቀው ኖረዋል። በእነዚያ ወራት መንገድ፣ ስልክ፣ መብራትና የጤና አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። ብሔራዊው ዕለታዊ ዘገባ ግን አልተቋረጠም። «በአገር አቀፍ ደረጃ» የሚለው ሐረግ እንደ ወትሮው ከቁጥሩ ፊት ይነበብ ነበር፤ ቁጥሩ የማያካትታቸው አካባቢዎች መኖራቸውን የሚገልጽ ማስታወሻ ግን አብሮት አይነበብም። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ሰቆጣ ገና ከጦርነቱ ስትወጣ፣ አገሪቱ ከወረርሽኙ መነሻ ጀምሮ ከፍተኛ የሆኑትን ዕለታዊ ቁጥሮች እየመዘገበች ነበር። በዚያ ማዕበል ውስጥ የዋግ ድርሻ ስንት እንደነበር ከዕለታዊው አኃዝ ማወቅ አይቻልም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዜሮንና ባዶን ይለያል። ዜሮ ማለት ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት አልተቆጠረም ማለት ነው። በሠንጠረዥ ላይ ባዶው ሳጥን በሰረዝ ይሞላል፤ ሲደመር ግን ሰረዙ እንደ ዜሮ ይወሰዳል። ሬዲዮ ደግሞ ሰረዝ ማንበብ አይችልም። በዚህ ምክንያት የሠንጠረዡ ባዶ በአየር ላይ ሲወጣ ዜሮ ሆኖ ይሰማል፤ በአድማጩ ጆሮም «እዚያ በሽታው የለም» ይሆናል። ለእኔ በወረርሽኙ ዘመን ከተሠሩት የአኃዝ ስሕተቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማንም የተሳሳተ ቁጥር ሳይናገር የተፈጸመ ነው።

ከኮረም የተሰማ ቁጥር

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አዘጋገብ ከዚሁ አካባቢ ታሪክ ይገኛል፤ ጉዳዩ ወረርሽኝ ሳይሆን ረሃብ ቢሆንም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ያቀረበው ዘገባ በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከኮረም ነበር። ኮረም ለሰቆጣ ሰው ጎረቤት ናት። በዚያ ዘገባ ከተጠቀሱት አኃዞች አንዱ በካምፑ በየ20 ደቂቃው አንድ ሕፃን ወይም አዋቂ እንደሚሞት የሚገልጽ ነው።

በስታቲስቲክስ ሲታይ ይህ አኃዝ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዟል፤ የተወሰነ ቦታ፣ የተወሰነ ጊዜና ምጣኔ። በቀን ሲሰላ 72 ሞት ነው። ዘጋቢው «72 ሰዎች ሞቱ» ቢል ኖሮ ለሩቅ ተመልካች ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ይቀላቀል ነበር። «በየ20 ደቂቃው» ሲል ግን አድማጩ የእራት ጊዜውን ታህት አድርጎ እንዲያሰላ አስገደደው። ዘገባው በዓለም ዙሪያ ያስነሣው እርዳታ የታወቀ ነው።

አኃዙን ያለ ትችት ማድነቅም አይገባም። የአንድ ካምፕ ምጣኔ የመላ አገሪቱን ረሃብ አይለካም፤ ካምፕ የደረሰው ሰው ደግሞ በመንገድ ከወደቀው ወይም ከቤቱ ካልወጣው ይለያል። በዚያ ረሃብ ስንት ሰው እንደሞተ እስከ ዛሬ ምሁራን አይስማሙም፤ ግምቱ ከጥቂት መቶ ሺሕ እስከ አንድ ሚሊዮን ይዘልቃል። ሆኖም ያ ዘገባ የማያውቀውን አልደመረም። በኮረም የታየው የኮረም ሆኖ ተነገረ። ከ36 ዓመት በኋላ ከዕለታዊው «አገር አቀፍ» ቁጥር የጠፋው ይህ ወሰን ነው።

ሞትን ሳይመዘግቡ ሞትን መዘገብ

ወደ ኋላ ከተመለስን የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ይገኛል። በአዲስ አበባ የሞተው ሰው በተለያዩ ጸሐፍት ከአምስት እስከ አሥር ሺሕ ይገመታል። የቁጥሮቹ ክብነት ብቻውን መዝገብ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ስለ ዋግማ በዚያ ዘመን ግምት እንኳ በእጃችን የለም።

ከመቶ ዓመት በኋላ የተለወጠው ከምንገምተው ያነሰ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከአራቱ ኩነቶች ውስጥ ሞት በብዛት ሳይመዘገብ የሚያልፍ ነው፤ የልደት ወረቀት ለትምህርት ቤት፣ የጋብቻው ለውርስና ለጉዞ ይፈለጋል፣ የሞት ወረቀት ፍለጋ ወደ ቀበሌ የሚሄድ የገጠር ቤተሰብ ግን ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመቃብር ሥፍራዎቿ የሚካሄድ የሞት ክትትል አላት። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራውን ቡታጅራን፣ በአማራ ክልልም ዳባትን ጨምሮ በአገሪቱ ጥቂት የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያዎች አሉ። ዋግ ኽምራ ውስጥ አንድም የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከተለመደው በላይ የሞቱት ሰዎች 14.9 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ በአገሮች በይፋ የተመዘገበው የኮቪድ-19 ሞት ግን 5.4 ሚሊዮን ነበር። «ከተለመደው በላይ» ለማለት የተለመደውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ይህ መነሻ የሚታወቅ ባለመሆኑ ግምታቸው የተሠራው የሌሎችን አገሮች መረጃ በተውሶ በሚጠቀም ሞዴል ነው። ይህ ራሱ በዜና ሲቀርብ አንድ ነጠላ ቁጥር ሆነ፤ ከ13.3 እስከ 16.6 ሚሊዮን የሚዘልቀው የግምቱ ወሰን ከጥቂት ማሰራጫዎች በቀር አልተነገረም።

ምን ሊደረግ ይችል ነበር

ከላይ ከተነሱት ችግሮች ግማሹ በዜና ክፍል የሚፈታ አይደለም፤ ላቦራቶሪ፣ መንገድና ሰላም ይጠይቃል። በዜና ክፍሉ እጅ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ዕለታዊው ቁጥር በሳምንት አማካይ ቢቀርብ የናሙና መዘግየትና የበዓላት መቀነስ የሚፈጥሩት ዝላይ ይለሰልሳል። «ከተመረመሩት ከመቶ ሰዎች ይህን ያህል» የሚለው አነጋገር አንድ ሐረግ ብቻ ነው። የክትባት ዜናም የተሰጠውን ጠብታ ወይም መርፌ ብዛት ከተከተበው ሰው ብዛት መለየት አለበት፤ ሁለት ጊዜ የተከተበ ሰው ሁለት ሰው አይደለም።

ባዶውን መናገር ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። ይቀላል ያልኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው፦ «ይህ ቁጥር ከእነዚህ እና ከእነዚህ አካባቢዎች ሪፖርት ያልተገኘበት ነው»። የሚከብደው በጦርነት ጊዜ ያ ዐረፍተ ነገር የጤና መረጃ ብቻ ሆኖ ስለማይሰማ ነው። የትኛው ወረዳ ሪፖርት እንዳልላከ መናገር የትኛው ወረዳ በማን እጅ እንዳለ መናገር ነው። አንድ የዜና አዘጋጅ በዚያ ወቅት ይህን ለማለት የሚያመነታበት ምክንያት ይገባኛል። የጤና ተቋማት ግን በየሳምንቱ መግለጫቸው ሪፖርት የላኩ ዞኖችን ብዛት ከጠቅላላው ጋር ቢያስቀምጡ፣ ጋዜጠኛው የወረዳ ስም መጥራት ሳያስፈልገው ቁጥሩ የቱን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ማሳየት ይችል ነበር።

አንድ ያልተጠና ጉዳይ አለ። የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት፣ የዛሬው አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ በኽምጥኛም ያሰራጫል። የሚኒስቴሩ ሁለት ቁጥር ያለው ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ኽምጥኛ ሲመለስ ታህቱ ተረፈ ወይስ ቀረ? «ምጣኔ» እና «ድምር» በምን ቃል ተነገሩ? የዚያን ጊዜ የስርጭት ጽሑፎች ተሰባስበው ከዕለታዊ መግለጫዎቹ ጋር መስመር በመስመር ቢነጻጸሩ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚበቃ ሥራ ይወጣዋል። በጎን ደግሞ በየደብሩ ያሉ የፍትሐትና የመቃብር ማስታወሻዎች፣ የእድር መዝገቦች፣ የተዝካር ቀኖችን የሚያስታውሱ ቤተሰቦች አሉ። በ2013 ክረምትና በ2014 መጀመሪያ በሰቆጣ፣ በዝቋላ፣ በሰሐላና በዳህና ስንት ሰው እንደተቀበረ፣ ከወትሮውም በምን ያህል እንደበለጠ ከእነዚህ ምንጮች መገመት ይቻል ይሆናል። ቀኖቹን የሚያስታውሱት ካህናትና ሽማግሌዎች ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ሥራው ብዙ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም።